የቶዋ ጉሮሮ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2004 ቶዋ ከእማማ ሙይ ቤት ስትወጣ ከምትማረው ዜማ ሁለት ስንኝ ይቀራት ነበር። ሁለቱ ስንኞች እስከ ዛሬ እንደቀሩ ናቸው።

ቶዋ በዳይ ወንዝ ዳር የአኩሪ አተር አይብ እያረጋች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጠዋት ከወዲያ ማዶ «አይብ! ትኩስ አይብ!» ስትል፣ ከወዲህ ማዶ ያለው ሰው ሳህኑን ይዞ ይወጣ ነበር። በዚህ ድምጿ የተነሳ በወጣትነቷ ከወረዳው የባህል አዳራሽ መዘምራን ጋር ቀላቀሏት። አስተማሪው ከከተማ የመጣ ሰው ነበር።

«አፍሽን ክፈቺ እንጂ! የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው ጥርስሽን ይቁጠረው!»

ሃያ ዓመት ያህል አፏን ከፍታ ዘፈነች። ልቧ ግን ሌላ ዘፈን ላይ ነበር፤ ሴቷ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከንፈሯን እምብዛም ሳትከፍት፣ ድምጿን እንደ ጥሬ እያንጠባጠበች የምታዜመው የአገሯ የጥንት ዜማ ላይ።

አንድ አዲስ ዓመት መንደርተኛው በሚሰበሰብበት በአድባሩ ቤት ተነሥታ ከሬዲዮ የቃረመችውን አንዱን የጥንት ዜማ ዘፈነች። ሰው አጨበጨበ። ከኋላ፣ ከሚያኝኩት ቅጠል ጥርሳቸው የጠቆረ አሮጊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ይቺን ልጅ ማነው የሚደበድባት?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቶዋ ፊቷ ቀላ። በማግስቱ ግን አይብ በቅጠል ጠቅልላ አሮጊቷ ደጃፍ ቆመች። አሮጊቷ እማማ ሙይ በጀልባው መሻገሪያ ሻይ የሚሸጡ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው ከተማ ውስጥ በዘፋኝ ቤቶች ያዜሙ ነበር። ቤቶቹ ስማቸው ጠፍቶ ሲዘጉ እሳቸውም አገር ቤት ገብተው አገቡ፤ አፋቸውንም ዘጉ። የገዛ ልጃቸው እንኳ አያውቅም ነበር።

«እማማ፣ ያስተምሩኝ።»

«ምን? ሻይ ማፍላት?»

«ዜማውን።»

«ዜማ የሚባል አላውቅም። ልጄ ሳይሰማሽ ሂጂ ወዲያ።» አይቡን ግን ተቀበሏት።

ክረምቱን ሙሉ ተመላለሰች። በመጨረሻ ሰለቹ። «እሺ፣ አፍሽን ዘግተሽ መምጣት ከቻልሽ ነይ» አሏት።

በዚህ ዘፈን ዘፋኟ ራሷ በሁለት እንጨት የቀርከሃ ፍልጥ እየመታች ነው የምታዜመው። ከጉሮሮ በፊት እጅ ይማራል። ሌላም ሕግ አለ፦ ተማሪ ዜማ አይጠይቅም። መምህሩ ሲፈቅድ ይሰጠዋል፤ የጠየቀ እንዳልበሰለ ተቆጥሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቶዋ አፏን ሳትከፍት ከዓመት በላይ ቀርከሃ መታች። ዜማው የተሰጣት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ስንኝ በስንኝ።

አንገቷ ላይ እብጠት የወጣው ግን ገና ቀርከሃ ብቻ በምትመታበት ሰሞን ነበር። ሐኪሙ ዳሰሳትና፣ «መውጣት አለበት። የድምፅሽ ጅማት አጠገቡ ነው የሚያልፈው፤ ድምፅሽ ይተርፋል ብዬ ቃል አልገባልሽም» አላት።

«ባይወጣስ?»

«ይገድልሻል።»

«እንግዲያው ዜማዬን ልጨርስና እመጣለሁ።»

ባሏ ኪየም ይህን ሲሰማ ሳህኑን ገፋው።

«ዲዳ ሚስት ትሻልሃለች?» አለችው።

«በሕይወት ያለች ዲዳ ትሻለኛለች። እንዲያውም ጭቅጭቁ ይቀርልኛል» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ እሱ ፊቱን አዞረ።

ለእማማ ሙይ አንድ ቃል ብትነግራቸው ይበቃ ነበር። አልነገረችም። ሕመሟን መናገር «ቶሎ ይስጡኝ» ማለት ሆነባት። አንገቷን በሻሽ ጠምጥማ መመላለሷን ቀጠለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ድምጿ ሻከረ፤ አነሰም። ፈርታ ዜማውን ስታቋርጥ እማማ ሙይ የሚያኝኩትን ተፍተው ጉልበታቸውን መቱ።

«እሰይ! መጣ! አሁን ድምፁ ወርዶ ጉሮሮሽ ውስጥ ተቀመጠ። ያ የመዘምራን ጩኸት ለቀቀሽ። እኔ ስንት ዘመን ነው የለፋሁበት!»

ቶዋ እየሮጠች ቤት ገብታ ለኪየም ነገረችው። ኪየም የሚጠርበውን እንጨት አስቀመጠ። በዚያ ወር የነበራትን የሐኪም ቀጠሮ አልሄደችም። አንዳንዶች ሐኪም ጠልታ ነው ይላሉ። ትክክል አይደለም። ሃያ ዓመት የፈለገችው ድምፅ ገና መምጣቱ ነበር።

መጋቢት 9 ቀን እማማ ሙይ፣ «የቀሩት ሁለቱ በበዓሉ የአያቶቻችንን መቃብር ከጠረግን በኋላ» ብለው አሰናበቷት።

መቃብሩ ተጠርጎ ቶዋ ስትመለስ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ቀርከሃውን መታች፤ አፏን ከፈተች። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና መታች። ትንፋሽ። እማማ ሙይ እየዳሁ መጥተው ሻሹን ፈቱ፤ በጣታቸውም እብጠቱን ዳሰሱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ቶዋ ቀርከሃውን አመለከተች፤ አፏን ዘግታ ቀርከሃ ከምትመታበት ዘመን ጀምሮ ማለቷ ነበር።

«አንቺ ደንቆሮ! ብትነግሪኝ በአንድ ሳምንት ሁሉንም አላፈስልሽም ነበር? ለማን ብዬ ነው የምቆጥበው?» ጮኹ። ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ሞት ሲመጣ ሰምቼ በሰለ አልኩ። እንዲህ ያለ ጆሮ ሰው አያስተምርም» አሉ።

ሁለቱን ስንኞች ያን ቀን አላዜሟቸውም፤ ከዚያም በኋላ ለማንም አላዜሙም። ቶዋ ሆስፒታል ስትገባ እብጠቱ የትንፋሽ ቧንቧዋን ይዞ ስለነበር ቆርጦ ማውጣት አልተቻለም። በነሐሴ ሞተች።

ሆስፒታል ከመተኛቷ በፊት፣ በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ፣ የዳክዬ እንቁላል ለመግዛት ገበያ ወጥታ ነበር።

«ቶዋ፣ ዛሬ ደግሞ ኮራሽብን?» አለቻት ሻጯ። ቶዋ በእጇ ጉሮሮዋን አሳየቻትና የምትከፍለውን ዋጋ ለመንገር ጣቶቿን አነሣች። ሻጯ ራሷን ነቀነቀችና እሷም ጣቶቿን አነሣች። ቶዋ ከሻጯ ጣቶች አንዷን አጠፈችባት። ሻጯ ሳታስበው እሷም ዝም ብላ፣ እየሳቀች፣ በጣት ተከራከረች፤ ተስማሙም። እንቁላሎቹ በገለባ ተጠቅልለው ቅርጫት ገቡ። ቶዋ በወንዙ ግድብ ላይ ቀስ ብላ ተራምዳ ቤቷ ደረሰች፤ አንድ በአንድ አውጥታም መደርደሪያው ላይ አኖረቻቸው። አንድም አልተሰነጠቀ።