የጎደለችው ቀለህ

በመላው ካሊፎርኒያ እንደ እኔ ያለ አነጣጥሮ ተኳሽ አልተፈጠረም። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ ይህን ያልነገርኩት ሰው ካለ፣ ባለፈው ሳምንት ከአውሮፕላን የወረደ መሆን አለበት። "ከመቶ ሜትር ላይ ዝንብ አይቼ፣ ግራ ክንፏን ትቼ ቀኙን እመታ ነበር" እላለሁ። ሰው ይስቃል፣ ምግቡ ይቀርባል፣ እኔም እቀጥላለሁ። እውነቱን ከፈለግህ ግን፣ በሕይወቴ አነጣጥሬ የተኮስኩት አንዲት የቲማቲም ጣሳ ላይ ነው። ጣሳዋ ከሃያ ጥይት በኋላም ውኃ ትይዝ ነበር።

ነገሩን ያመጣብኝ ጃኬት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሚስቴ ቁም ሣጥን ስታጸዳ አሮጌ የጂንስ ጃኬቴን ወረወረችልኝ። "ሆድህና ይሄ ጃኬት ከተፋቱ ቆይተዋል፤ ለሚለብሰው ስጠው" አለች። ኪሱ ቀዳዳ ነበር። ገበሩን ስዳስስ ጣቴ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር መጣች፤ አወጣኋት። ቀለህ ናት፤ የእርሳስ ጫፍ ላይ ያለውን ላጲስ የምታክል፣ ጠርዟ ላይ የጠመንጃው መምቻ የነከሳት ጭረት ያለባት። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ባሩድ ባሩድ ትሸታለች ብዬ ልዋሽህ ነበር። የሸተተኝ የጃኬቱ ሻጋታ ነው።

ጃኬቱን በምለብስበት ዘመን ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ ነበር የምኖረው። ኮሪያታውን ውስጥ አንድ ቤት ለአራት ተከራይተናል። ከአራቱ አንዱ ጋሼ የምንላቸው ታክሲ ነጂ ነበሩ። ጋሼ አገር ቤት አሥራ ስምንት ዓመት የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ሥራ ሲገቡ አንድ ጠመንጃና አምስት ጥይት በፊርማ ተረከቡ። ሲለቁ አንድ ጠመንጃና አምስት ጥይት በፊርማ አስረከቡ። በመሃሉ አንድም አልተኮሱም። የተኮሰ ዘበኛ ቀለሁን ማቅረብ ነበረበት፤ ያላቀረበ ጥይቱን ሸጦታል ይባላል።

"አሥራ ስምንት ዓመት ተሸክሜው ድምፁን አላውቀውም" አሉኝ አንድ ቀን፣ በራሱ ቤት ድግስ እንዳልቀመሰ ሰው ቅር ብሏቸው።

ስለዚህ ፎርም ሞልተው፣ የሚጠበቀውን ቀን ጠብቀው፣ ትዌንቲ ቱ የሚሏትን ትንሽ ጠመንጃ ገዙ። አሥር ጥይት የምትይዝ ካዝና አብራት መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ይዘውኝ ይሄዱ ጀመር። እርሳቸው አንድ ይተኩሳሉ፤ ጣ ትላለች፣ ደረቅ እንጨት እንደ መስበር። ከዚያ ጠመንጃዋን አስቀምጠው ድምፁ ተራራው ጋር ደርሶ እስኪመለስ ያዳምጣሉ። "ሰማሃት?" ይሉኛል። ሲጨርሱ ተንበርክከው ቀለሁን አንድ በአንድ ለቅመው፣ ቆጥረው፣ የሕፃን ወተት ጣሳ ውስጥ ይከታሉ።

"ጋሼ፣ እዚህ ማን ይቆጣጠርዎታል?"

"ማንም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ እኔ ነኛ።"

ለእኔ ግን አሥር ጥይት አይበቃኝም ነበር። ዘጠኙ መለማመጃ ነው፤ አሥረኛው መሳቻ። ላስ ቬጋስ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ካለ ገበያ ባለ ሃያ አምስት ካዝና አገኘሁ፤ ጥቁር፣ እንደ ሙዝ የጎበጠች። ሻጩ የመኪናዬን ታርጋ አየና "እናንተ ካሊፎርኒያ ከአሥር በላይ የሚይዝ ክልክል ነው፤ ታውቃለህ አይደል?" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩት። አላውቅም ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን አወቅሁ።

ጋሼ አገላብጠው አዩዋት።

"ይቺ ይፈቀዳል?"

"ኦኬ ነው ጋሼ፤ ጠይቄያለሁ።"

"ማንን?"

"የሸጠልኝን ሰውዬ ነዋ። ሕጉን አብጠርጥሮ ያውቃል።"

ማወቁስ እውነት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ጋሼ የዜግነት ኢንተርቪው ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ዜጋ ከሆኑ ባለቤታቸው ቶሎ ይመጣሉ፤ ከተለያዩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጥያቄዎቹን ማታ ማታ የማስጠናቸው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ባትያዝም ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነው። ጋሼ እዚያ ላይ ሁልጊዜ ይስቃሉ። "ያልያዙትን ሰው ጠይቀው ያምናሉ። ደግ አገር ነው" ይላሉ።

ያን ቅዳሜ ሃያ አምስቱን ጥይት ጋሼ በአውራ ጣታቸው እየገፉ ሞሉ። አምስቱን እርሳቸው ተኮሱ፣ በዝግታ፣ በየመሃሉ እያዳመጡ። "ይኸው፣ አምስቱን አሁን ነው ያስረከብኩት" አሉ። ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ ነበር፤ እኔ በፀሐዩ አሳብቤ አለፍኩት። የቀረውን ሃያ እኔ አዘነብኩት። ቀለሁ እየተስፈነጠረ አንገቴን ሲያቃጥለኝ፣ ጣሳዋ ከነክብሯ ቆማ አየችኝ።

ከዚያ ለቀማ ሆነ። ሃያ አራት። ጋሼ እንደገና ቆጠሩ፤ ሃያ አራት። ጠረጴዛው ሥር ገቡ፣ ጠጠሩን በእጃቸው በተኑ፣ የጫማቸውን ሶል ሳይቀር አዩ። "ተዉት ጋሼ፣ አንዲት ናት" አልኳቸው። የሜዳው ኃላፊ፣ አንድ ሽማግሌ በአራት እግር ሲድህ አይቶ መጣ። "ምን ጠፋባችሁ?" ብሎ ጎንበስ ሊል ሲል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ካዝና አያት።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ፖሊስ እንደማይጠራ፣ ካዝናዋ ግን ከእርሱ ጋር እንደምትቀር በቀስታ ነገረን። ልተረጉም አፌን ስከፍት ጋሼ በእጃቸው አስቆሙኝ። ታክሲ ነጂ "ኢሊጋል" ለምትል ቃል አስተርጓሚ አያሻውም።

ስንመለስ እርሳቸው ናቸው ድራይቭ ያደረጉት። ወተት ጣሳዋ ውስጥ ያለው ቀለህ በየኩርባው ይንኮሻኮሻል። ፒኮ ጎዳና ላይ መብራት ሲይዘን ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጠይቄያለሁ ብለኸኝ ነበር።"

"ሸውዶኝ ነው ጋሼ።"

"ያቺን ጥያቄ ምን ልበላቸው?"

"ኖ ይበሉ። ማን ያውቃል?"

"እኔ። እጄን አንስቼ ነው የምመልሰው።"

"እትዬን ያስቡ እንጂ።"

"እትዬህም ያገባችው ዘበኛ ነው" አሉ።

የኢንተርቪው ቀን ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መኪና ውስጥ ሆኜ ሁለት ሳንዱች በላሁ። ገብቼ "ካዝናዋ የእኔ ናት" ብል ስንት እርምጃ እንደሆነ በመስተዋቱ አየሁት፤ አርባ አይሞላም። ሲወጡ እጃቸው ላይ አንድ ወረቀት ነበር።

"የስ አልኩ" አሉ።

"ማን እንዳመጣት ጠየቁዎት?"

"ጠየቁኝ። የእኔ ናት አልኩ። ጠመንጃው የማን ነው?"

ፋይላቸው ለሌላ ምርመራ ተብሎ ተቀመጠ። ጋሼ ጠመንጃዋን መልሰው ሸጡ፤ ፖስታ ሳጥኑን በየቀኑ መክፈት ሥራቸው ሆነ። በሦስተኛው ዓመት እንኳን ደስ ያለዎት የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ እትዬ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ይዘው ነበር። አውሮፕላን የሚታሰብ አልሆነም። ጋሼ ታክሲዋን ሸጠው፣ ሚስታቸው ሊመጡበት በነበረው መንገድ እርሳቸው ተመለሱ። እትዬን እስከ መጨረሻው አስታመሙ። አምና እርሳቸውም ማረፋቸውን ሰማሁ።

የሄዱ ዕለት አየር ማረፊያው በር ላይ ወተት ጣሳዋን ሰጡኝና "ቁጠርና ተረከብ" አሉኝ። ሰው ሻንጣ እየጎተተ ሲያልፈን፣ አስፋልቱ ላይ ቁጢጥ ብዬ ቆጠርኩ። ሃያ አራት ነበር፤ የሌላውን ቀን ሁሉ አስወግደው የዚያን ቅዳሜውን ብቻ ነው ያስቀመጡት። ከሥሩ በሁለት ኮፒ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ "ሃያ አራት ቀለህ አስረክቤያለሁ። አንዱ በእኔ ጉድለት ጠፍቷል" ይላል። እርሳቸው ፈርመዋል። ብዕሩን አቀበሉኝ፤ እኔም ተረካቢ በሚለው ሥር ፈረምኩ። አንዱን ኮፒ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ያቺ ቀለህ አልጠፋችም ነበር። ገና ለቀማው ላይ፣ ጋሼ ሲፈልጓት ልስቅ ብዬ ኪሴ የከተትኳት እኔ ነኝ። ልሰጣቸው ስል ኃላፊው መጣ፤ ከዚያ በኋላ አፈርኩ። የፈረምኩ ዕለትም የለበስኩት ይህንኑ ጃኬት ነበር።