አቶ ዓለሙ ውሃ የጠጡበት ፍልሰታ

አቶ ዓለሙ ወደ አሰብ የመጡት በወጣትነታቸው፣ ከወልድያ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው ነው። መጀመሪያ ወደብ ላይ የእህል ጆንያ ተሸከሙ። ከዚያ ቆጣሪ ሆኑ። ብዙ ዘመን ቆይተው በ1986 ዓ.ም. የአንድ የግል ትራንዚት ድርጅት መጋዘን ኃላፊነት ተሰጣቸው። ኤርትራ ተለይታ አገሩ ሁለት ከሆነ ወዲህ ብዙ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። እሳቸው ቀሩ። "እግዚአብሔር እንጀራዬን ያስቀመጠው እዚህ ነው" ይሉ ነበር፤ ሲሉም ከልባቸው ነው።

ከእሳቸው በፊት የነበረው ኃላፊ ቬንቲሌተር ያለው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት የሚጮህ ሰው ነበር። ታምሞ የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ ከበር ይመለሳል። ስለዚህ ሰው ራሱን እያመመው፣ ግንባሩን በመሐረብ አስሮ ይሸከም ነበር። አቶ ዓለሙ ይህን በወሬ አልሰሙትም፤ እሳቸውም ግንባራቸውን አስረው ተሸክመዋል። ቁልፉን በተረከቡ ዕለት የቢሮውን በር ቆለፉና ግቢው ውስጥ ቆሙ።

መቆማቸው የምር ነበር። ከማለዳ ጀምሮ የመጨረሻው መኪና ሸራውን አልብሶ እስኪወጣ ድረስ ከበሩ አጠገብ አይነቃነቁም። አይጮኹም። የታመመውን ራሳቸው ወደ ሐኪም ይልካሉ፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ከሁሉ ቀድመው ይገኛሉ። በመጋዘኑ ጥላ ሥር የውሃ ጀሪካኖች በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለው እንዲቀመጡ አደረጉ። "ሲደክማችሁ አረፍ በሉ፣ ሲጠማችሁ ጠጡ" አሉ። ሰዉ ወደዳቸው። ችግሩም የመጣው ከዚሁ መውደድ ነው።

አለቃ ቆሞ መቀመጥ ለእኛ ሰው ይከብዳል። በቀድሞው ኃላፊ ጊዜ ሰውዬው ከመስኮቱ ዞር ሲል ተሸካሚው ጆንያ ላይ ጋደም ይል ነበር፤ ማንም አያፍርበትም፣ እንዲያውም እንደ ጀብዱ ይወራል። አቶ ዓለሙን ማታለል ግን ነውር ሆነ። ፀሐይ ላይ ቆመው እያያቸው ወደ ጥላው ለመሄድ የማንም እግር እሺ አይልም። የተሸካሚዎቹን ቡድን የሚመራው ካቦ ሙሐመድኑር፣ የአሰብ ጎረቤት የበይሉል ሰው፣ "ክፉው አለቃ ሳይገድለን ቀርቶ ደጉ ሊጨርሰን ነው" ይል ነበር። ሰዉ ይስቅና ተመልሶ ይሸከማል።

የተቀደዱ ጆንያዎችን ከሚሰፉት ሴቶች አንዷ ጥላነሽ ናት። ባሏ ሣህሉ በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለስ ሾፌር ነው። ከተጋቡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ልጅ አልነበራቸውም። በ1987 ዓ.ም. ግን ጥላነሽ ነፍሰ ጡር ሆነች፤ ነሐሴ ሲገባ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። መጋዘኑ በሙሉ ያውቃል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በየፊናው ይጸልይላታል። አቶ ዓለሙ ጠርተው፣ "ቤትሽ ብትቆዪ ቦታሽን ማንም አይወስደውም" ብለዋት ነበር።

"ተቀምጬ አይደል የምሰፋው? ምን እሆናለሁ ጋሼ" አለቻቸው።

ፍልሰታ ገባ። አቶ ዓለሙ ፍልሰታን ከልጅነታቸው ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ እህል ያለ ውሃ ነው የሚጾሙት። ደጋ ላይ ነሐሴ ዝናብና ብርድ ስለሆነ ይቻላል። አሰብ ላይ ግን ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል፤ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ ላቡ ጫማው ውስጥ ይወርዳል። እሳቸው ማንንም ጹሙ አላሉም። ጀሪካኖቹን እንደወትሮው በየማለዳው ያስሞሉ ነበር። ጀሪካኖቹ ግን እንደሞሉ መዋል ጀመሩ።

ሌላ ጊዜ ሥራ ላይ ውሃ የማይተዉት ክርስቲያኖች እንደ እሳቸው ደርቀው ዋሉ። እስላሞቹ ደግሞ የሚጾም ሽማግሌ ፊት ጣሳ ማንሳት አፈሩ። ሙሐመድኑርና ሰዎቹ ከመኪናው ጀርባ እየተደበቁ ይጎነጩ ጀመር። "በገዛ ውሃችን ሌቦች ሆንን" ይላል ካቦው፣ አፉን በእጁ እየጠረገ።

ከጥላነሽ ጎን የምትሰፋው ከይሪያ የወሎ እስላም ናት፤ ምላሷ አያርፍም። በሻርፗ ሸፍና ውሃ አመጣችላት።

"ጠጪ እንጂ።"

"ቆይ፣ ጋሽ ዓለሙ ፊታቸውን ያዙሩ።"

"እሳቸው ፊታቸውን ቢያዞሩ ፀሐይዋ ታዞርልሻለች?"

"በዚያ ዕድሜ ደርቀው ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ ውሃ ልጋት?"

"አንቺ የሁለት ሰው ጥም ነው የያዝሽው። ቄሱ እርጉዝ አትጾምም ብለውሽ የለም?"

"ቤቴ ስሆን ቄሱ እንዳሉት እጠጣለሁ" አለች ጥላነሽ፣ እየሳቀች። "እዚህ ግን እኚህ አሉ።"

ጣሳው አጠገቧ ተቀምጦ ሞቀ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ጥላነሽ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክታ ዝም አለች። ከይሪያ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት በክርኗ ነካ ስታደርጋት ወደ ጎን ተደፋች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ቆዳዋ ላይ ላብ የሚባል የለም። ሙሐመድኑር አቅፎ ፒክአፕ ላይ አወጣት። አቶ ዓለሙና ከይሪያ አብረዋት ሆስፒታል ሄዱ።

ሐኪሙ ወጥቶ አጭር ነገር ነገራቸው። "ሰውነቷ ውሃ አጥቷል። ምጥ የመሰለ ቁርጠት ጀምሯታል። በጉሉኮሱ ከቆመላት ልጁ ይተርፋል፤ ካልቆመ ግን በዚህ ወሩ የተወለደ ልጅ እኛ ጋ አይድንም።"

አቶ ዓለሙ ወደ ከይሪያ ዞሩ።

"ውሃው አጠገቧ ነበር። ለምን አልጠጣችም?"

ከይሪያ ሻርፗን ታስተካክል ጀመር።

"ተናገሪ ልጄ፣ አልቆጣም።"

"እርስዎን እያየች ነዋ ጋሼ።"

"እኔ አትጠጪ አላልኩም።"

"አላሉም። ጠጡ ሲሉም ሁላችንም ሰምተናል። ሲጠጡ ግን ያየዎት የለም። ሲቀመጡም ያየዎት የለም።" ቀጥላም፣ "የድሮውን ሰውዬ እንረግመው ነበር፤ ረግመነው ተደብቀን እናርፋለን። እርስዎን ማን ይረግማል?" አለች።

ከቅዳሴ በኋላ አቶ ዓለሙ የንስሐ አባታቸውን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኟቸው። ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው።

"ጾሙ ያንተ ነው ዓለሙ። ጥሙን ለምን ለሰው አከፋፈልከው?"

"አባቴ፣ ያካፈልኩ አልመሰለኝም። አብሬያቸው መከራውን ልቀበል ብዬ ነው የቆምኩት።"

"አብረሃቸው ቆምክ፤ እነሱ ግን አንተ ሳትቀመጥ መቀመጥ አይችሉም። እህሉን እስከ ሰዓትህ ተው፤ ውሃውን ግን ሥራ ቦታ፣ ሰው ሁሉ እያየህ ጠጣ። ስግደት እጨምርልሃለሁ።"

"ፍልሰታን በውሃ ፈትቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። ቀላል ነው አላልኩህም።"

በማግስቱ አቶ ዓለሙ ቢሮውን ከፍተው በርጩማ አወጡ። ፀሐዩ መክረር ሲጀምር ጥላው ሥር አስቀምጠው ተቀመጡበት። ጭነቱ ቀስ እያለ ቆመ። ኃላፊ ከሆኑ ጀምሮ በሥራ ሰዓት ሲቀመጡ ያያቸው አልነበረም። ጣሳ አነሡ፤ ከጀሪካኑ ቀዱ፤ አማተቡና ጠጡ። እንባ አይናቸው ላይ ነበር የሚሉ አሉ። ጣሳውን ግን እስከ ታች ጨለጡት።

ሙሐመድኑር ጠጋ አለ። "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?"

"አላመመኝም። ጠማኝ። አንተስ?"

"እኔማ ከመኪናው ጀርባ ጠጥቻለሁ።"

"እንግዲያው እዚህ ቁጭ ብለህ ድገም።"

ሳቅ ሆነና ሰዉ ወደ ጥላው መጣ። ለመጫን ተራ የያዘ አንድ ሾፌር ጥሩምባውን ሲነፋ ካቦው፣ "ወርደህ ጠጣ፣ መኪናው አይጠማውም" አለው። ከተሸካሚዎቹ በዕድሜ የሚበልጠው ወሰኔ ብቻ ጣሳውን ሲሰጡት አልተቀበለም። "እኔ ስእለት አለብኝ፣ እጾማለሁ" አለ።

"ያ የአንተና የፈጣሪህ ነው" አሉት አቶ ዓለሙ። "ጆንያ ግን አትሸከምም፤ ተቀምጠህ ትቆጥራለህ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ረፋድ ላይና ከቀትር በኋላ አቶ ዓለሙ ቀድመው ይቀመጣሉ፣ ቀድመው ይጠጣሉ። ቀትር ላይም ቤታቸው ሄደው ጋደም ማለት ጀመሩ፤ እሳቸው ሲሄዱ ሌላውም ይሄዳል። ከዋናው ቢሮ ሰው መጥቶ፣ "በቀን የሚጫነው መኪና ቀንሷል ይባላል፤ እውነት ነው?" ብሎ ሲጠይቃቸው፣ "አዎ፣ ትንሽ ቀንሷል" ብለው መለሱ፤ ሌላ ምክንያት አልደረደሩም። ሰውዬው ግንባሩን ቋጥሮ ሄደ። መስከረም ሲገባ፣ ታሞ የሚቀረው ሰው አንሶ፣ ጭነቱ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

በእነዚያ ቀናት ጥላነሽ ሆስፒታል ነበረች። ቁርጠቱ ይተዋታል፣ ይመለስባታል። ሣህሉ ሚሌ ላይ መልእክት ደርሶት ቀን ከሌት ነድቶ መጣ። አቶ ዓለሙ በየቀኑ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እየሄዱ በሩ ላይ ቆመው ይጠይቃሉ። ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ሐኪሙ፣ "ቆሞላታል። የልጁ ልብ ደህና ይመታል። ይግቡ" አላቸው።

ጥላነሽ ስታያቸው ከትራሷ ቀና ለማለት ሞከረች።

"አትነሺ።"

"ጋሼ፣ ጾምዎን በውሃ ፈቱ የሚሉት እውነት ነው? ከይሪያ ናት የነገረችኝ።"

"ከይሪያ የማትነግረው ነገር አለ?"

"በእኔ ምክንያት..." አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ጠምቶኝ ነው የጠጣሁት።"

ሣህሉ ከፔርሙስ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ዘረጋላት። "ሐኪሙ በየሰዓቱ ጠጪ ብሏታል፤ ሰው ሲኖር ግን እምቢ ትላለች" አለ። ጥላነሽ ብርጭቆውን ተቀብላ ያዘችው እንጂ ወደ አፏ አላነሣችውም። አይኗ አቶ ዓለሙ ላይ ነበር።

አቶ ዓለሙ ክፍሉን ዞር ብለው አዩ። ወንበር አልነበረም። ኮፍያቸውን አውልቀው ከአልጋዋ እግርጌ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ያማቸዋልና በዝግታ ነው የተቀመጡት። ሣህሉ ደንግጦ ሊያነሣቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

"ለእኔም ቅዳልኝ" አሉት።

ጥላነሽ ብርጭቆዋን አነሣች። እሳቸው በፔርሙሱ ክዳን፣ እሷ በብርጭቆው፣ እየተያዩ ጠጡ። ስትጨርስ ሌላ ጠየቀች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኅዳር ላይ ጥላነሽ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።