የማርታ ዳጣ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ፣ ወላይታ ሶዶ ነው። ለማንም በሙሉ ተናግሬው አላውቅም። ለአለቃዬ ግማሹን ብቻ ነገርኩት፤ እሱም አመሰገነኝ።

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል የቢዝነስ ኮሌጅ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞርኩ ለማስተርስ ተማሪ እመለምላለሁ። ሶዶ ላይ ሥራው ቀላል ነበር፤ ምሩቃኖቻችን እዚያ እንደ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ሲያገባ ሁሉም ሽማግሌ፣ አንዱ ሲያዝን ሁሉም ድንኳን ተካይ ነው። የቴሌግራም ግሩፓቸው ጠዋት በጸሎት ተከፍቶ ማታ በቀልድ ይዘጋል።

ምሩቃኑ ስብሰባውን የሚያስተባብሩልኝ በማርታ በኩል ነበር፤ በዴሳ ከተማ ባለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። አዳራሹን የያዘችው እሷ፣ መናኸሪያ መጥታ የተቀበለችኝ እሷ፣ ምሳ የጋበዘችኝም እሷ ናት። ከሥጋው ጋር የቀረበውን የቃሪያ ዳጣ እያደነቅኩ ስበላ አይታ፣ «ለባለቤትዎም አዘጋጃለሁ፣ ሳይዙ አይሄዱም» አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ማርታ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿን እንዲመዘገቡ ከበዴሳ በሚኒባስ ይዛ መጥታለች። ምሩቃኑ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ እየተነሱ ስማቸውንና የመመረቂያ ጥናታቸውን ርዕስ ተናገሩ። የማኅበራቸው ሰብሳቢ አቶ ጴጥሮስ፣ «የእኔን ጥናት ቁጭ ብላ ያረመችልኝ እህታችን ማርታ ናት፣ ጌታ ይባርካት» አለ። ሌሎችም ይህንኑ ደገሙት። የማርታ ተራ ሲደርስ ስሟን ብቻ ተናግራ ተቀመጠች።

ከዚያ ከበዴሳ ከመጡት አንዱ ተነስቶ፣ «የግል ኮሌጅ ወረቀት ይሸጣል ይባላል፤ እናንተስ እንዴት ነው?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ነደደኝ።

ነገሩን ለማስረሳት ስማቸው የተጻፈበትን የምሩቃን ባጅ ማደል ጀመርኩ። «መጀመሪያ ለማርታ» ብሎ ጴጥሮስ እጇን ይዞ ወደ ፊት አመጣት። ባጆቹን ሁሉ አገላበጥኩ፤ የእሷ የለም። «ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ ይሆናል» ብላ ልትመለስ ስትል «ቆይ፣ እናጣራ» አልኳት።

ቦርሳዬ ውስጥ ስም ያልተጻፈባቸው መጠባበቂያ ባጆች ነበሩ። አንዱን ሰጥቼ ማለፍ እችል ነበር። ፊቷን አይቼም ነገሩ ገብቶኛል። ግን ለዚያ ሰውዬ የምሰጠው መልስ አገኘሁ። ኮሌጁ ሬጅስትራር ደወልኩና የማርታን ስም ጠቅሼ ስልኩን ከማይክራፎኑ ጋር አስጠጋሁት።

«እሷ እኮ ጥናቷን አላስገባችም» አለች የሬጅስትራሯ ሠራተኛ። ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማል። «ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ተጽፎላታል። አልተመረቀችም።»

«ሰማችሁ?» አልኩ። «እኛ ጋ ወረቀት አይሸጥም።»

ተጨበጨበልኝ። ጠያቂው ሰውዬም አጨበጨበ።

ማርታ፣ «እናቴን ዱቦ ሆስፒታል ሳስታምም ነው ጊዜው ያለፈብኝ። ተመርቄያለሁ ብዬ ለማንም አላወራሁም» አለች። ይህን ያለችው ወደ ምሩቃኑ ዞራ ነው። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ጴጥሮስ እጇን ለቅቆ፣ «እህቴ፣ ለእኛ እንኳ ብትነግሪን ምናለ?» አላት። የእነሱን ስታርም የራሷ የት እንደደረሰ ከመካከላቸው አንድ ሰው ጠይቋት አያውቅም።

ገና ከአዳራሹ ሳልወጣ ስልኬ ጮኸ። ጴጥሮስ ማርታን እኔም ካለሁበት የቴሌግራም ግሩፓቸው አስወጥቷታል። ወዲያው ከሥሩ ባጅ ያደረጉ ሰዎች ፎቶ ይጎርፍ ጀመር። የዚያን ቀን የተመዘገበልኝን ያህል ሰው በየትኛውም ከተማ ተመዝግቦልኝ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ማርታ ቆማ ጠበቀችኝ። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ መልሴን አዘጋጀሁ። እሷ ግን በፌስታል የተጠቀለለ ዕቃ አቀበለችኝ።

«ለባለቤትዎ ብዬ የለ» አለች። «እንዳይፈስ ቀጥ አድርገው ይያዙት።»

ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ተሳፋሪው ይሰማል ብዬ ተውኩት። እሷም ዞር ብላ ሄደች።

ዳጣውን አልቀመስኩትም ብል ደስ ይለኝ ነበር። በልቼዋለሁ። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ፤ ማፈሬ ግን ለእሷ ምንም አልጠቀማትም። ባለቤቴ ወደ ሶዶ መሄዴን በሰማች ቁጥር «ለዚያች ደግ ሴትዮ ደውልና ዳጣ አሠራልኝ» ትለኛለች።

ቁጥሯ ጠፍቶብኛል እላታለሁ። ስልኬ ላይ አለ።