አንድ ነጥብ፣ አንድ አዝማች

ምክር ጠይቆኝ ጨርሶ በራሱ ሐሳብ የሚሄድ ደንበኛ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሬድዋን እባላለሁ። አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ወረድ ብሎ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ሚስማር በሉ፣ ቧንቧ በሉ፣ ቀለም በሉ፣ የብየዳ ማሽን በሉ፣ የምሸጠውን ዕቃ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ዓሊማ "አንተ እኮ ሊገዛህ የመጣውን ሰው ትቆጣዋለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እቆጣለሁ። ግን ጋሽ ዳኜን ያላየ ሰው አይፍረድብኝ።

ጋሽ ዳኜ የሰፈሬ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሸሚዙን የሚሰፉላቸው ሚስታቸው እትዬ ደሳለች ናቸው። እትዬ ደሳለች በረንዳቸው ላይ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይውላሉ፤ በሰፈራችን የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ዩኒፎርም ለብሶ ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ከስፌቱ ሌላ ደግሞ መዘመር ነው። ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ቸርቻቸው ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዳገት ላይ ነው ያለው፣ እሳቸውም እዚያ ኳየር ውስጥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ዘምረዋል። ዳገቱ እንኳን ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ለፍየልም ይከብዳል። የእትዬ ደሳለች ጉልበት ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል።

ያንን ዳገት የምታወጣቸው ቮልሷ ነበረች። ሰማያዊ ቮልስ፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ። እሁድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በፊት ለፊቴ ያልፋሉ፣ ጋሽ ዳኜ ጡሩምባ ይነፉልኛል፣ እኔም እጄን አነሳለሁ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የእሳቸው ባትሪ አሲዱን ሲያንጠባጥብ ኖሮ ኖሮ ወለሉን በላው፤ ዝገቱም እየሄደ እስከ እትዬ ደሳለች እግር ማሳረፊያ ደረሰ። ጋሽ ዳኜ ምንጣፍ ጣል አደረጉበትና ተዉት። አንድ የክረምት እሁድ ኩሬ ውስጥ ሲገቡ ውሃው ከወለሉ ሥር ተነሥቶ የእትዬን የኳየር ልብስ ጭቃ አለበሰው። በዚያው ልብስ ቆመው ዘመሩ አሉ።

ከዚያ አንድ ጋራዥ አስገቧት። ባትላሜራው አብለጭልጮ መለሰላቸው። ለቦሎ ምርመራ ሲወስዷት ግን መርማሪው ልጅ ከሥር ገብቶ ወለሉን በካቻቢቴ ቢወጋው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ለካ ስቱኮ ለድፎ፣ ቀለም ቀብቶ ነው የሰጣቸው። ቦሎ ተከለከለች፤ ግቢ ውስጥ ቆመች። እትዬም እሁድ እሁድ ቤት መዋል ጀመሩ። ላዳ ኮንትራት ቢይዙ ሾፌሩ ዳገቱን ሲያይ "እማማ፣ እዚህ ጋ ይውረዱ" ይላቸዋል። ቆራሊዮው ደግሞ ብረት ሸትቶት በየጊዜው በሩን ያንኳኳል። ወለሉ ካልተሠራ ቮልሷ ለቆራሊዮ ናት፤ ቮልሷ ከሄደች እትዬ ደሳለች ዳግመኛ ኳየር ውስጥ አይቆሙም። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ቀን ጋሽ ዳኜ ሱቄ ገብተው የብየዳ ማሽን ስጠኝ አሉኝ። ከእንግዲህ ያቺን መኪና የሌላ ሰው እጅ አይነካትም፣ ራሴ ነኝ የምበይዳት አሉ። ደስ አለኝ፤ ሁለት ዓይነት ማሽን አውጥቼ አስረዳቸው ጀመር። ይሄኛው በኤሌክትሮድ የሚሠራው ለወፍራም ብረት ነው፣ ለአጥር በር፣ ለመስኮት ፍርግርግ። የመኪና ላሜራ ስስ ነው፣ ይበሳዋል። ይሄ ባለ ሽቦው ግን ምላጩን ሲጫኑት ቀጭን ሽቦ ራሱ እየወጣ ቀስ ብሎ ያጣብቃል፣ ለስስ ነገር እሱ ነው፤ የቤት መብራትም ይችለዋል። ጋሽ ዳኜ በጥሞና ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ከሱቄ ጎን ያሉት በር ሠሪዎች የሚጠቀሙት የትኛውን እንደሆነ ጠየቁኝ።

ባለ ኤሌክትሮዱን ነው አልኳቸው።

እንግዲያው እሱን ስጠኝ አሉ። ሽቦ የሚተፋው መጫወቻ ነው፣ ሰው በእሱ ሲሠራ አላየሁም አሉ። ለፈለፍኩ፣ ተቆጣሁ፣ ዓሊማ ከውስጥ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገችብኝ። በቃ ሸጥኩላቸው። ብርሃኑ ሲመጣ በራሱ የሚጠቁረውን የፊት መከለያ ውሰዱ ብላቸው እሱንም እምቢ አሉ፤ በእጅ የሚያዘውን ርካሹን ወሰዱ።

የሆነውን ሰፈሩ ይንገራችሁ። የእሳቸው ቤትና ከአጥሩ ማዶ ያሉት ቤቶች ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ነው የሚጠቀሙት። ጋሽ ዳኜ ኤሌክትሮዱን ባስነኩ ቁጥር የሁሉም መብራት ይደክማል። አንደኛው ተከራይ ኳስ እያየ ቴሌቪዥኑ ጎል ሊገባ ሲል ድርግም አለበት፤ ሰውዬው በአጥሩ ላይ ያወረደውን እርግማን እዚህ አልደግመውም። ወለሉ ደግሞ እንዳልኩት ሆነ፤ ሳንቲም የምታክለው ቀዳዳ የሻይ ሰሃን አከለች። መከለያውን ዝቅ እያደረጉ አጮልቀው ሲያዩም ብየዳው ዓይናቸውን መታቸው። እትዬ ደሳለች ድንች ቆራርጠው ዓይናቸው ላይ እያደረጉ አሳደሯቸው።

በማግስቱ ማሽኑን በተሸካሚ አስይዘው መጡ። ከራሴ በላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አፌን ከፈትኩ፤ የምለው ሁሉ ተዘጋጅቶልኛል። ከዚያ አየኋቸው። ዓይናቸው በርበሬ መስሏል፣ ሸሚዛቸው ሳይተኮስ ነው የለበሱት፣ ደረቱ ላይ ፍንጣሪ በስቶታል። ቆመው ወረቀቱን አነበቡና ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ሬድዋን፣ ደሳለች እሁድ እሁድ መስኮቱን ትዘጋለች። መዝሙሩ ከላይ ይሰማታላ።"

ወላሂ፣ ቁጣዬን ትቼ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ። ባለ ሽቦውን አውርጄ ሰጠኋቸው፤ የሚጠቁረውን መከለያም ጨመርኩበት። ዓሊማ ሻይ አመጣችላቸው።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ግቢያቸው ሄጄ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይጸዳል። ልምምዱ ደግሞ መኪናው ላይ አይሆንም፤ ከተጣለ ፍሪጅ በር ላይ ቁርጥራጭ ቆርጠን እሱ ላይ ሞከርን። ሲስተካከል ድምፁ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ነው፣ ችስስ ይላል። ሳይስተካከል ሲቀር ጧ ጧ እያለ ይተፋል። ጋሽ ዳኜ ቶሎ ያዙት፤ እጃቸው መሪ የያዘ እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። እትዬ ደሳለች በረንዳቸው ላይ ዚፕ እየቀየሩ ከመነጽራቸው በላይ ያዩናል። ድምፁ ሲበላሽ ገና እኔ ሳልናገር "አሁን ልክ አይደለም" ይላሉ። የኳየር ጆሮ ነው ብዬ ተደነቅኩ፤ ግን ነገሬ አላልኩትም።

ያበላሸን ሌላ ነገር ነው። ጋሽ ዳኜ አዲስ ላሜራ በልክ ቆርጠው ወለሉ ላይ አስቀመጡና ከዳር ጀምረው ሳያቋርጡ እስከ ዳር በየዱት። ቀስ ይበሉ፣ ይፋታ፣ ይቀዝቅዝ ብል ማን ሰምቶኝ። ዕድሜ ልካቸውን በየፌርማታው ሲቆሙ የኖሩ ሰውዬ አሁን መቆም አልወድም አሉ። ብረት ሲግል ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በአንድ ትንፋሽ ሲበየድ ዳሩን ሁሉ እየጎተተ ነው የሚሰበሰበው። ላሜራው እንደ ረጠበ ካርቶን ተጨማደደ። በሩን ቢገፉት አልዘጋ አለ። አንዴ ገፉት፣ ደግመው ገፉት። ከዚያ መከለያውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ቆራሊዮው ሲመጣ በሩን ክፈቱለት አሉ። እንደ ቀልድ አልነበረም። 

እትዬ ደሳለች መቀሳቸውን አስቀመጡ። ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ፣ መኪናዋ ዘንድ ደረሱ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው የብየዳውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

"ዳኜ፣ ኮሌታ እንዲህ ይሰፋል? መጀመሪያ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ተደርጎ ይያዛል እንጂ።"

ጋሽ ዳኜ ይሄ ብረት ነው፣ ጨርቅ አይደለም አሉ። እትዬም ታዲያ እንደ ጨርቅ ተጨማዶ የለ እንዴ ቢሉ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ዳኜ አፈጠጡብኝ። እትዬ ግን ማንንም አልጠበቁም፤ መከለያውን አንሥተው ከሻሻቸው በላይ አጠለቁትና ማሽኑን አቀብሉኝ አሉ። ጨርቅ በአንድ ወገን ብቻ ከተሄደበት ሌላው ወገን ይረዝማል፤ ስለዚህ አንድ እዚህ፣ አንድ ማዶ፣ አንድ መሃል ተይዞ ነው ክፍተቱ የሚሞላው አሉን። ሽቦውን ማስወጫ ምላጩም ለእሳቸው ከስፌት መኪናቸው መርገጫ አይለይም፣ ጫን ለቀቅ ነው።

መኪናዋን በክሪክ አንሥተን ብሎኬት ላይ አስቀመጥናት፣ ወለሉ የስፌት ጠረጴዛቸውን ያህል ከፍ እንዲል። የሚሰፉበትን ወንበር አምጥተን በሩ ሥር አደረግንላቸው፤ ጉልበታቸውን ማጠፍ አላስፈለጋቸውም። ጋሽ ዳኜ ያበላሹትን መስመር በግራይንደር ቆርጠው አወጡ፣ አዲስ ላሜራ ቆረጡ፣ በፒንሳ ያዙላቸው። እትዬ አንድ ነጥብ ጣል ያደርጋሉ፣ ችስ። ከዚያ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለ። እትዬ ዝም ብለው መጠበቅ አያውቁም፤ የመዝሙራቸውን አዝማች ይዘምራሉ። አዝማቹ ሲያልቅ ብረቱን በእጃቸው ይነካሉ፤ ካላቃጠላቸው ማዶ ተሻግረው ሌላ ነጥብ ያደርጋሉ። አንድ ነጥብ፣ አንድ አዝማች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚውሉት። ድምፃቸው ትንሽ ሻካራ ሆኖ ነበር፣ ሳይዘምሩ ስለከረሙ፤ እየዋለ ሲያድር ተከፈተ። ጋሽ ዳኜ ፒንሳውን እንደያዙ የሚያዩት ላሜራውን አልነበረም፣ እሳቸውን ነው።

ይሁን እንጂ ሰውዬው ሰውዬው ናቸው። የአጥሩን በር ዘግተው ለማንም እንዳትናገር አሉኝ። ለሰፈሩም ለቸርቹም ብየዳ እየሠራሁ ነው ብለው አስወርተዋላ! ሰዉ በአጥሩ በኩል ችስታውንና መዝሙሩን ሲሰማ እሳቸው እየበየዱ እትዬ የሚያበረታቷቸው መሰለው። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኛቸው ጎበዝ በርቱ ይላቸዋል፣ እሳቸውም ጌታ ይመስገን ይላሉ። እኔ በዚህ ጠባዬ ምላሴን ነክሼ ከረምኩ።

የምርመራው ቀን ቮልሷን በፒካፔ ጎትቼ ወሰድኳት። እትዬም ካልሄድኩ ብለው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የቮልሷ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መርማሪው ያው የድሮው ልጅ ነው። መኪናዋን አስታወሳት፣ ፊቱ ላይ አየሁት። ካቻቢቴውን ይዞ ከሥር ገባ። ጋሽ ዳኜ የተተኮሰ ሸሚዛቸውን ለብሰው ቆመዋል፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው አንዴ ኪሳቸው፣ አንዴ ጀርባቸው ላይ ያደርጉታል። ከሥር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ቆየ። እኔ በልቤ ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ።

ልጁ ወጣና እጁን እየጠረገ የት ጋራዥ እንዳሠሯት ጠየቀ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ቶሎ አይገኝም አለ።

ጋሽ ዳኜን አየኋቸው። እኔ ነኝ የምበይደው እያሉ ሲያወሩ የከረሙት ሰውዬ በመስኮቱ በኩል ወደ እትዬ አዩ።

"ጋራዥ አይደለም። ባለቤቴ ናት የበየደችው" አሉ።

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሽ ዳኜ ግን አልሳቁም። እኔ ስበይደው በሩ አልዘጋ ብሎ ነበር፣ እሷ ናት ያዳነችው አሉት፤ እዚያ ተራ የሚጠብቀው ሾፌር ሁሉ እየሰማ። ልጁ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየ። ውስጥ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ካልጠገብክ ድገመውና ውጋው" አሉት እትዬ ደሳለች። "በደንብ ውጋው። እግሬን የማሳርፈው እኔ ነኝ።"

ልጁ እውነትም ደገመው። በሩን ከፍቶ ከእግራቸው ሥር በሙሉ ክንዱ ወጋ። ካቻቢቴው ተንሸራተተ እንጂ አልገባም። ቦሎዋ ተሰጠች። ጋሽ ዳኜ መስታወቱ ላይ ለጥፈዋት በሸሚዛቸው እጅጌ ወለወሏት።

እሁድ ሱቄን ስከፍት ጡሩምባው ተሰማኝ። ጋሽ ዳኜ ቀጥ ብለው ይነዳሉ። እትዬ የኳየር ልብሳቸውን ለብሰዋል። ፊት ለፊቴ ሲደርሱ እትዬ መኪናዋን አስቆሙና ወለሉን በእግራቸው ሁለቴ ደበደቡልኝ፣ ዷ ዷ። ሳቁ፣ ሄዱ። ምሳ ልበላ ወደ ቤት ስወጣ በደጃቸው አለፍኩ። ከዳገቱ ላይ መዝሙር ይሰማል፤ አዝማቹን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ላይዘው አልችልም ነበር። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። መስኮቱ ብርግድ ብሎ ተከፍቷል።