የማቴዎስ ቢጫ ሳፋዎች

ማቴዎስን የአዋሳ ሰው «ቅማል ቆጣሪው» እያለ ይቀልድበት ነበር። እሱ አይቆጣም፤ ሥራው ያው ነውና። በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የመስክ ሠራተኛ ሆኖ ከተቀጠረ ጀምሮ፣ ቡሹሎ አጠገብ ያለውን የገበሬ ማህበር የጋራ እርሻ እየዞረ የስንዴ ቅጠል ይገለብጣል፤ ክሽክሽ ይፈልጋል። ክሽክሽ ከቅጠል ጀርባ ተለጥፋ የሰብሉን ወዝ የምትመጥ፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ተባይ ናት። ዛሬ ጥቂት ብትሆን በሳምንቱ ማሳውን ታለብሰዋለች። ብልሃቱ ቀድሞ መድረስ ነው።

ብልሃቱን ያስተማሩት አለቃው አቶ ሸዋንግዛው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ፣ የተማሩ፣ በክፋት የማይታሙ ሰው። «ክሽክሽ ክንፍ አውጥታ ስትበር ቢጫ ነገር ካየች አታልፍም» አሉት። «ቢጫ ሳፋ ውሃ ሙላ፤ ትንሽ ሳሙና በጥብጥበትና ማሳው ውስጥ በመስመር አስቀምጥ። ጠዋት ጠዋት እያት። ሳፋው ውስጥ ከበዛች ስንዴው ላይ ልትሰፍር ነው ማለት ነው።»

ማቴዎስ ፒያሳ ወጥቶ ሳፋ ገዛ፤ ቢጫ ቀለም ራሱ ቀባ፤ ከማሳው ዳር እስከ ዳር ደረደረ። አለቃው መጥተው አይተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ያን ቀን የተደሰተውን ያህል ተደስቶ አያውቅም። ለሚስቱ ለታቢታ ደጋግሞ ከማውራቱ የተነሣ እሷም በቃሏ ይዛው ነበር።

ዘመኑ 1970፣ ወሩ መስከረም ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! የሶማሊያ ጦር ምሥራቁን ወርሯል፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ሰው በጥርጣሬ ይታፈሳል። የአካባቢው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ተፈራ በመንገድ ሲያልፍ ሳፋዎቹን አያቸው፤ ቢጫ፣ በመስመር የተደረደሩ፣ ውሃቸው በፀሐይ የሚያብለጨልጭ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር! ለጠላት አውሮፕላን የተዘረጋ ምልክት ነው ብሎ ደመደመ።

በማግስቱ ጠዋት ማቴዎስ ሳፋዎቹ ላይ አጎንብሶ ነበር። ውሃው በባለ ክንፍ ክሽክሽ ጠቁሯል። ደነገጠ። ሮጦ ለአለቃው ሊናገር ቀና ሲል የጠመንጃ አፈሙዝ ገጠመው።

«ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?» አለው ተፈራ።

«ለማንም። የተባይ ማጥመጃ ነው ጌታዬ።»

«ተባይ በሳፋ ሲጠመድ የት አይተሃል?»

«አለቃዬ ይጠየቁ። እኔን እሰሩኝ፤ ስንዴው ግን ዛሬውኑ ይታይ። መድኃኒት ካልተረጨ ይጠፋል።»

እሱን አስረው ወሰዱት፤ ስንዴውን ግን ማንም ሄዶ አላየም። ብዙም ሳይቆይ የስንዴው ቅጠል እየተጠቀለለ ደረቀ፤ ማሳው ገለባ ሆኖ ቀረ። ያኔ ተፈራ እጁን እያፋተገ እስረኛው ዘንድ ተመለሰ። «እንደሚጠፋ አስቀድመህ ተናግረሃል። አንተ ካላጠፋኸው በምን አወቅህ?»

  አስቀድሞ ማወቅማ የማቴዎስ ሥራ ነበር፤ ደመወዝ የሚበላው ለዚያ ነበር። አሻጥረኛ ተባለ። ጴንጤ መሆኑ ሲሰማማ በቁስሉ ላይ እንጨት ሰደዱበት።

የቀረው ተስፋ የአለቃው አንዲት ቃል ነበረች። ታቢታ ቤታቸው ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ሳፋው የሥራ ነው ብቻ ይበሉልኝ» አለቻቸው። እሺ አሉ። እውነትም መጡ። ማቴዎስ በእስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲያያቸው እንባው መጣ፤ «ይኸው መጡልኝ!» አለ አብረውት ለታሰሩት።

ተፈራ ማቴዎስን አስቀርቦ፣ አንዱን ሳፋ ጠረጴዛ ላይ፣ ጠመንጃውን ከሳፋው ጎን አስቀምጦ ጠበቃቸው። «ይህን ያውቁታል?»

አቶ ሸዋንግዛው ሳፋውን አዩ፤ ጠመንጃውን አዩ። ማቴዎስን አላዩትም። «አላውቀውም። መሥሪያ ቤታችን በሳፋ አይሠራም።»

«ጋሼ! እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስተማሩኝ?»

«ከራሱ ያመጣው ይሆናል» አሉና ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ጊዜው ክፉ ነበር፣ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም የሚል ይኖራል። ይበል። ማቴዎስ ግን በዚያች ቃል ሦስት ዓመት ታሰረ፤ ውስጥ እግሩን ተገርፎ እያነከሰ ወጣ። በቦታው ሌላ ሰው ተቀጥሮበት ነበርና ከአንድ ሱቅ በር ላይ ዕቃ አውራጅ ሆነ። ከሁሉ የከፋው ግን ጸሎቱን ማጣቱ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ሲጸልዩ፣ እሱ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። ታቢታ «ለእግዚአብሔር ተውላቸው» ስትለው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላታል። ሌሎቹ ደግሞ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያሉ ያጽናኑታል። ስንቴ ነጋ!

አንድ ቀን ፒያሳ ላይ ከአንድ ሻይ ቤት አቶ ሸዋንግዛው ሲወጡ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሸብተዋል። አልሸሹም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «ማቴዎስ! እንደምን ነህ? ዘንድሮስ ክሽክሹ እንዴት ነው?»

ማቴዎስ በእስር ቤት ወለል ላይ ሆኖ ለዚህ ቀን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ቃል በቃል ያውቀዋል። አንገቱ ግን እንደ ድሮው ጎንበስ አለ፤ እጁም ራሱ ሄደ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው ጋሼ» አለ። ትከሻውን መታ መታ አድርገውት አለፉ።

ቤቱ ገብቶ ሸሚዙን አወለቀና ትከሻውን በውሃ ያሽ ጀመር። ታቢታ ደንግጣ «ምን ነካህ? ማን አገኘህ?» አለችው።

«የማላውቀው ሰው» አለ፤ ማሸቱንም አላቆመም።