ሲመጣ ድምፅ አለው

ዛሬ በሬን ከፍቼ ቆሜ ውሃ አመለጠኝ። ነገሩ እንዲገባችሁ፣ በተለይ ከዚራ ለቀራችሁ ወገኖቼ፣ ከስደቴ ልጀምር።

የተሰደድኩት እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ከከዚራ ሰፈር ወደ ሳቢያን ሰፈር ነው። አትሳቁ። የተሻገርኩት በባጃጅ ነው፤ ፍራሼ ጣሪያው ላይ፣ ወንበሬ ጉልበቴ ላይ። ነጂው «ፋዘር፣ ተጣልተህ ነው?» ሲለኝ «የፖለቲካ ነው» አልኩት።

ሰበቡ አንዲት ቀጭን የግጥም መጽሐፍ ናት። የገዛችልኝ ራሷ ልጄ መሠረት ነች። ገጣሚው ሲኒ ያጥባል፣ ስለ ሲኒው ይጽፋል። ልብስ ያሰጣል፣ ስለ ገመዱ ይጽፋል። ሌላ ምንም የለም! ዕድሜ ልኬን ባቡር ጣቢያ ተቀምጬ «ስለሆነም» የሚል ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ገጽ በገጽ «ስለሆነም»ን ፈለግኩ፤ የለም። ሲኒው ታጠበ፤ በቃ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ደገምኩት፣ ከዚያ ለከፈኝ።

አንድ ቀን መሠረት የሻይ በራድ አጠገብ ቆሜ አገኘችኝ።

«አባዬ፣ ምን ጠፋብህ?»

«ምንም። እያየሁት ነው።»

«ምኑን?»

«ሲፈላ።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ፤ ክብሪቱንም ደበቀች። ሸሸሁ። ስሸሽም ከእሷ ጋር ተዋውለን ነው፤ አእምሮዬ መሳቱን የምታሳይ አንዲት ምልክት ከታየች ተመልሼ እሷ ቤት እገባለሁ። ዳኛዋ አከራዬ ወይዘሮ ዘይነባ ናት፤ መሠረት በየቀኑ ትደውልላታለች።

ፀሐይዋም እንደ አገሬ አይደለችም። ከዚራ በዛፎቹ በኩል አስፈቅዳ ነው የምትገባው፤ እዚህ ሳታንኳኳ መላጣዬ ላይ ትቀመጣለች። ሳምቡሳው እንኳ ያቃጥላል። ወይም ናፍቆት ነው።

ዛሬ ዘይነባ ገበያ ስትወጣ በሬ ላይ የካርቶን ቁራጭ ለጥፋ ሄደች፦

ሲመጣ ድምፅ አለው።
ክፈት። እንዳትሄድ።
እስኪሞላ ቁም።
ሲሄድ ዝጋ።

ደነገጥኩ። አከራዬ ገጣሚ! ስለ ሞት ይሁን ስለ ፍቅር አላወቅኩም፤ በኔ ዕድሜ ብዙም አይለያዩም። ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩ ተንጫጫ፣ ባልዲ ተንኳኳ፣ ግቢው ጥግ የሆነ ነገር አፏጨ። መጣ! በሬን ከፈትኩ። አልሄድኩም። ልቤ ጢም እስኪል ቆምኩ። ፉጨቱ ሲጠፋ ዘጋሁ። አንዲት ስንኝ አላጎደልኩም።

ዘይነባ ተመልሳ የውሃ ሮቶዋን ስታንኳኳው እንደ ከበሮ ጮኸ።

«አቦ ጋሼ! ባዶ ነው! አላነበብክም?»

«ደጋግሜ! በተለይ ‹እስኪሞላ ቁም› የምትለዋ . . .»

«ታዲያ?»

«ቆምኩ።»

«የት?»

«በሬ ላይ።»

«ወላሂ ስለ ቧንቧው ነው የጻፍኩት!»

«ውሃ የሚል ቃል እኮ የለበትም።»

«ሳቢያን ውስጥ መጥቶ የሚሄድ ሌላ ምን አለ?»

«በኛ አገርማ ባቡር ነበር» አልኳት።

በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። መሠረት ናት። ዘይነባ ዘንቢሉን እንደያዘች ስፒከር ላይ አደረገችው።

«አባዬ እንዴት ዋለ? ግራ የሚያጋባ ነገር አላደረገም?»

ዘይነባ ሮቶውን አየች። እኔን አየች። ፍራሼ እንደገና ባጃጅ ላይ ሲወጣ ታየኝ።

«ደህና ነው አቦ። ውሃ ሲጠብቅልኝ ነው የዋለው።»

«መጣ?»

«አልመጣም።»

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ባልዲ ሞልቶ ይፈሳል።

«ምሳ በላ?» አለች ልጄ።

ያኔ ስልኩን ነጥቄ የካርቶኑን ነገር መንገር አማረኝ። እንደሷ የሚስቅልኝ ሰው የለኝም። ግን ሳቋን ሳትጨርስ ልትወስደኝ ትመጣለች። 

ዘይነባ ስልኩን ዘግታ «በጠራራ ፀሐይ አስዋሸኸኝ» አለችኝ።

«ውሃውን ከየትም ብዬ አመጣለሁ።»

«ውሃውንማ ከጎረቤት እለምናለሁ። ውሸቴን ነው የምትመልሰው። ወንድሜ ሲመጣ ለኔ ምን ብለህ እንደምትዋሽ እነግርሃለሁ።»

ይህን እስክጽፍ ወንድሟ አልመጣም። አንድ ውሸት አለብኝ።