የቦራ ኮርቻ

ያ ኮርቻ ሠላሳ ሰዓት፣ አራት ኮምፒዩተርና አንድ ሰው አስወጥቶኛል። ሰዓቱ የወጣትነት ሰዓት ስለሆነ አልቆጨኝም፤ ያን ጊዜ ሰዓት እንደ ጎደሬ በፈለግን ቁጥር ከጓሮ የምንነቅለው ይመስለን ነበር። ኮምፒዩተሮቹን ከገዛሁበት አሳንሼ ሸጥኳቸውና በገንዘቡ የያዮ ማር ገዛሁ። ማሩ አክስሮኛል ብል ውሸት ነው። የሚቀረው ሦስተኛው ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት የመጣ መልእክት ነው። መቱ፣ ገበያው ዳር ካለችው ሱቄ ተቀምጬ የማር ባልዲ ክዳን ስጠርግ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በእኛ ሲሆን፣ “አባ ቦራ፣ ከተያየን ቆየን። ፈረስህ እየጠበቀህ ነው” ይላል። የላከው ሰው አይደለም። ድሮ እጫወተው የነበረ የኢንተርኔት ጨዋታ ድርጅት፣ ትተውት ለሄዱት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚበትነው ነው። እኔ ግን ጨርቁን እንደያዝኩ ቀረሁ። በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ዓመታት አልፈዋል።

ማር ልትገዛ የቆመች ሴትዮ ፊቴን አይታ፣ “ጋሼ፣ መርዶ ነው እንዴ?” አለችኝ።

“ኧረ ፈረስ ነው” አልኳት። ሳትከራከር ከፍላ ሄደች።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ ትቼ የቀረውን መናኸሪያ ነው የተማርኩት። የካርድ፣ የቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ ንግዱ ሲሞቅልኝ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አራት ኮምፒዩተር ደረደርኩና ኢንተርኔት ቤት ከፈትኩ። ደንበኞቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ሥራ የሚጠብቁ የከተማ ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹ አንድ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። በፈረስ እየጋለቡ የሚዋጉበት፣ የሚነግዱበት፣ ከዓለም ዳር ካለ ሰው ጋር የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። እኔም ሥራ ሲቀዘቅዝ እጫወት ነበር፤ ሥራም ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዝ ነበር።

በዚያ ክረምት መግቢያ ድርጅቱ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ጎበዝ ተጫዋች በቀጥታ ስርጭት ሲጫወት ያሳያል፤ ያንን በጠቅላላው ሠላሳ ሰዓት ላየ ሰው ለፈረሱ የወርቅ ኮርቻ ይሰጠዋል። ኮርቻው በገንዘብ አይገኝም። እኛ ኳስ ለማየት እንኳ ከፍለን ነው የምንገባ፤ እነዚህ ሌላ ሰው ሲጫወት ላየላቸው ይከፍላሉ። ነጋዴ ለሆነ ሰው ነገሩ ብዙ አይደንቅም። ገበያ ውስጥ ሰው የሚከበው ሰው የከበበውን ሻጭ ነው።

ሠላሳ ሰዓት የሚችል የስልክ ዳታ በመቱ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጆቹ የመግቢያ ስማቸውን እየሰጡኝ፣ እኔ በየኮምፒዩተሩ ስርጭቱን እየከፈትኩ፣ ኮርቻ አውጪ ሆንኩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አወቅሁ፦ ማንም ማየት አያስፈልገውም። ስርጭቱን ከፍተህ በር ቆልፈህ ብትሄድም ሰዓቱ ራሱ ይቆጥራል።

ችግሩ ደንበኛው ነው። ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ነበሩ። ሌላ ከተማ የሚማረው ልጃቸው በስልክ ለምኗቸው፣ ኮርቻ ምን እንደሚያደርግለት ሳይገባቸው ሊከፍሉ መጡ። ባዶ ወንበርና ብቻውን የሚጋልብ ፈረስ አዩ። “ይኼን ማን እያየው ነው?” አሉኝ። ማንም አያየውም አልኳቸው። ዣንጥላቸውን አጠፉና፣ “ላየ ይሰጣል ነው የተባለው። ሳይታይ የመጣ ነገር ለልጄ ሐራም ነው፤ አልከፍልም” አሉ። ልብ ብዬ ሳስበው ሌሎቹም ወንበሩን እያዩ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ማሽን ብቻውን ለሚሠራው ሥራ ማንም በደስታ አይከፍልም። ስለዚህ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ፈለግሁ።

ለሊሴ የመጣችው እንዲህ ነው። አክስቷ እትዬ ብርቄ ከሱቄ በር ላይ በቆሎ እየጠበሱ ይሸጡ ነበር። ለሊሴ የኖፓ ልጅ ናት፤ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ለጤና ሥልጠና ተመዝግባ፣ ያለፉት ስም ወረዳዋ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነበር። ሥራውን ስነግራት እንደ ቀልድ አልወሰደችውም።

“ዝም ብሎ ማየት ነው?”

“ማየት ነው።”

“ዞር ብልስ?”

“ማሽኑ ያውቃል” አልኳት።

ይህቺ ውሸት ለንግድ የተዘጋጀች ነበረች፤ ለሁሉም እናገራት ነበር። ሌላው ሰው ይስቅባታል። እሷ ግን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ልጅ ሆና የአባቷን በቆሎ ማማ ላይ ተቀምጣ ከዝንጀሮ ስትጠብቅ ነው ያደገችው። “ዝንጀሮም እንደዚያ ነው” አለችኝ። “ሰው መኖሩን ከሩቅ ያውቃል። ጋቢ ሰቅለህ ብትሄድ አንድ ቀን ይፈራል። በሁለተኛው ቀን ጋቢውንም ይወስደዋል።” ስለዚህ ውሸቴን ራሷ አስረዳችልኝ፤ ከዚያ በኋላ ለማፍረስ ከባድ ሆነ።

ጠዋት ጭቃዋን በሩ ላይ አራግፋ ትገባለች። አራቱን ስክሪን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትቀመጣለች፣ ታያለች። በእውነት ታያለች። የሚጫወተው ፈረንጅ የሚናገረውን አንድም ቃል አንሰማም፤ እሷ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ጠባዩን አወቀችው፣ መቼ እንደሚቆጣ፣ መቼ ፈረሱን እንደሚያሳርፍ። ፈረሱ ዳማ ስለነበር ሰውየውን አባ ዳማ አለችው። በእኛ አገር የድሮ ሰው በፈረሱ ስም ነው የሚጠራ። ሐጂ ኑሩ ሊቆጣጠሩ መጥተው ከኋላዋ ቆሙ፤ በሌላው ቀን ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ልጃቸው ኮርቻውን ካገኘ በኋላም ይመጡ ጀመር። “ይኼ አባ ዳማ ግን ፈረሱን ለምን አይሸጥም? ዋጋው ላይ እያለ” ይሉ ነበር። ለሊሴ ዓይኗን ሳታነሳ፣ “ሐጂ፣ እርስዎ አባ ቡና ስለሆኑ ነው” ትላቸዋለች።

አንድ ቀን የእኔን ፈረስ አሳየኋት። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ስሙን ጠየቀችኝ፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለው አልኳት። ደነገጠች ማለት ይቻላል። “ፈረስህ ስም ከሌለው አንተን ማን ብዬ ልጥራህ?” አለችና ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ በአንድ ጣት እየፈለገች ጻፈችው። ፈረሱ ቦራ፣ እኔ አባ ቦራ። መጀመሪያ ደንበኛ ፊት ለማሳቅ ነበር የምትጠራኝ። በኋላ ማንም በሌለበትም ትለኝ ጀመር። ታደሰ የሚባለውን ስሜን ከእሷ አፍ ሳልሰማ ሳምንታት አለፉ፤ አልናፈቀኝም።

ሐምሌ ነበር። መቱ ላይ ሐምሌ ዝናብ የሚዘንብበት ወር አይደለም፣ ዝናቡ የሚኖርበት ወር ነው። እትዬ ብርቄ በቆሎውን በላስቲክ ጣሪያ ሥር ይጠብሳሉ፤ ጭሱ በበሩ ይገባል። እኛ አንዱን በቆሎ ለሁለት ሰብረን፣ በዳጣ እያጣቀስን፣ የማንሰማውን ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠን እናያለን። የእኔ እዚያ መቀመጥ በማንም ሒሳብ አያስፈልግም ነበር። እሷም አታስፈልግም ነበር። እውነቱን ብነግራት ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ።

የደንበኛው ሁሉ ሲያልቅ የእኔ ሠላሳ ሰዓት ቀረ። በልቤ አንድ ቀጠሮ ያዝኩ፦ ኮርቻው ሲወጣ እነግራታለሁ። ለወላጆቿ ሽማግሌ መላክ እንደምፈልግ።  ከዚያ በፊት ያልነገርኳት፣ ሸቀጥ ያለ ማሸጊያ መስጠት ስለማላውቅበት ነው።

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር። ረፋዱ ላይ ከኖፓ የመጣ ዘመዷ በበሩ ብቅ ብሎ ስሞቹ መለጠፋቸውን ነገራት። ወረቀቱን አላነበበውም፤ ሰው ከቦት ሲያይ አልፎ ነው የመጣው። ዞር ብላ አየችኝ።

“ሄጄ አይቼ ልምጣ?”

ቆጣሪው አምስት ሰዓት ያህል ቀርቶታል። ሂጂ ማለት እችል ነበር። “አሁን ከተነሳሽ ከዜሮ ይጀምራል” አልኳት። “ወረቀት ነው፤ ነገም ግድግዳው ላይ ነው።”

እትዬ ብርቄ ከውጭ ሰምተው፣ “ሂጂ ልጄ፣ የመኪና ሰዓት ሳያልፍ” አሏት።

“ጀምሬዋለሁ እኮ፣ አክስቴ። ከማማ ላይ እንዴት ልውረድ?” አለችና ተቀመጠች። እኔ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ዛሬም ሲታወሰኝ ጥርሴን ያስነክሰኛል።

አስር ሰዓት ገደማ፣ አስራ ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ከበሩ ውጭ ያለውን የቻርጀር ጠረጴዛ ላስቲክ ገልጦ ወሰደው። እኔ ሮጥኩ። እሷ አንድ ጊዜ ስክሪኑን፣ አንድ ጊዜ እኔን አይታ ተከተለችኝ። ለእኔ ብላ ከማማዋ ወረደች ማለት ነው። ላስቲኩን እየያዝን፣ ዕቃውን በቀሚሷ እየሰበሰበች፣ እየሳቅን፣ እትዬ ብርቄ እየተሳደቡ፣ ረጅም ጊዜ ቆየን። ተበስብሰን ስንገባ ስክሪኑ ላይ የወርቅ ኮርቻ ይብረቀረቃል።

ለሊሴ ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ ቆመች። “ማን አየው?” አለችኝ።

ቢያንስ አንድ ሌላ ውሸት ነበረኝ። ዝናብ የመታው ምላሴ አላወጣውም።

“ታደሰ” አለች። “ሳላየውም ይቆጥር ነበር?”

“ይቆጥር ነበር።”

“ከመጀመሪያው?”

“ከመጀመሪያው።”

በእጇ የቀረውን ግማሽ በቆሎ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠችው። “እኔ እኮ በእውነት እያየሁ ነበር” አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ብሰማ ይሻለኝ ነበር። ልነግራት የቀጠርኩት ነገር በዚያ ሰዓት ቢወጣ ሌላ ማጭበርበሪያ ይመስል ስለነበር ዋጥኩት። ዝናቡ ሳያባራ ወጣች።

በማግስቱ ኖፓ ሄደች፤ ከዚያ ወደ ሱቄ አልተመለሰችም። ሰኞ ዕለት በሞተር፣ ጭቃው ሁለት ጊዜ ጥሎኝ፣ ኖፓ ገባሁ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ነበር፤ በእሱስ አልዋሸሁም። ስሟ ሦስተኛ ነው። ግርጌው ላይ፣ ያለፋችሁ ሁሉ እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ቀርባችሁ ፈርሙ፣ ባልቀረበ ሰው ምትክ ተጠባባቂ ይገባል ይላል። ገብቼ ጸሐፊውን ለመንኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷ አታውቅም አልኩት። ሰውየው ክፉ አልነበረም። መዝገቡን አዙሮ አሳየኝ፤ በእሷ ቦታ የፈረመች ሌላ ልጅ አለች። “የዚህችንም ስም ልሰርዝ?” አለኝ። ሞተሬን አስነስቼ ተመለስኩ።

እትዬ ብርቄን አስታርቁኝ ብዬ ለመንኳቸው። ከሰሉን እያራገቡ ሰሙኝና፣ “ልጄን ብትወዳት ሂጂ ትላት ነበር። የምትመለስ ከሆነ ትመለሳለች” አሉ። በሌላው ሳምንት ምድጃቸውን አንስተው ከመንገዱ ማዶ ተከሉ። በቆሎ ሲያምረኝ መንገድ ተሻግሬ ከእሳቸው እገዛ ነበር፤ ዋጋ አልጨመሩብኝም፣ ወሬም አልጨመሩልኝም። ጅማ ሄደች ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ዓረብ አገር ሄደች ያሉኝም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ የሚነግረኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት ጨዋታውን ስልኬ ላይ ጫንኩት፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ውጭ ያው የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ከማር ሱቄ ማዶ አሁን ሌላ ሴት በቆሎ ትጠብሳለች። ቦራ ጋጣው ውስጥ ቆሟል፤ አላረጀም። የእኔ ጢም ግን ነጭ ጣል ጣል አድርጓል። ስርጭቶች አሁንም አሉ፣ ላየ ሰው አሁንም ይሰጣሉ፤ ሰውም ከፍቶ ትቶት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። አንዱን ከፍቼ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ዓይኔን ሳላነሳ። ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነግጃለሁ፤ ሳልገዛው ያመለጠኝን ሸቀጥ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ፣ የነጋዴ አመል ነው። ያን ሐሙስ ሂጂ ብላት ኖሮ አርብ ጠዋት ጭቃዋን አራግፋ በበሩ ትገባ ነበር ወይስ አትገባም፣ እሱን ለማወቅ ዋጋው አንዲት ቃል ነበረች። ርካሽ ነበር።

ፈረሱ አለ። ኮርቻው አለ። ለሊሴ የለችም።